መልሱ እስኪበቅል

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ማታውን ሾርባ ቀምሳ፣ ማዶ ከተኛችው ሴትዮ ጋር ስለ ዘንድሮው ዝናብ ስታወጋ አምሽታ ነው የተኛችው። መጀመሪያ የሌሊቱ ብርድ መስሎኝ ጋቢዬን ደረብኩላት። ጥርሷ ሲንገጫገጭ አልጋው አብሯት ሲንቀሳቀስ ግን ደነገጥኩ። ግንባሯ እሳት ሆኗል።

ተረኛዋ ነርስ ሙቀቷን ለክታ ሬዚደንቱን ጠራችው። ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑ ቀልቷል። ቁስሏን ገለጥ አድርጎ አየ፣ ግፊቷን አስለካ፣ ቻርቷን አገላበጠ። ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ጀምሮ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች እየተሰጧት ነበር። ጥቂት አሰበና «ሲስተር፣ ቀጣዩ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ለከልቸር ደም ይወሰድላት፤ ከሁለቱም ክንድ» አለ።

የከልቸር ጠርሙስ በዋርዱ አልነበረም። ነርሷ ከሌላ ክፍል ለምና አመጣች። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» እያለች የእናቴን ክንድ በአልኮል ጠረገች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ደሙን ቀዳች፤ በሌላኛውም ክንድ እንዲሁ። መርፌው የተሰጣት ከዚያ በኋላ ነው። ጠርሙሶቹን በእጄ እያስያዘችኝ «ላቦራቶሪ አድርሺልን። ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳይገባ፤ ጀርሙ ይሞታል» አለችኝ። የአገራችንን ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው አስታማሚ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መጋቢም፣ ተሸካሚም፣ መልእክተኛም ነው። የእናቴን ሙቀት የያዙትን ጠርሙሶች በነጠላዬ ሸፍኜ በጨለማው ኮሪደር ሄድኩ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ብዙ ነበር። ለምን ከሁለት ክንድ? ለምን ያን ያህል ደም? ትኩሳት ላይ ላለች ሴት መድኃኒቱ ለደቂቃም ቢሆን ለምን ይዘገያል? ለወራት ያህል ይህን ጉዳይ ስጠይቅና ሳነብ የቆየሁት ከዚያ ሌሊት የተነሣ ነው።

ደም በባክቴሪያ ተመረዘ ሲባል ብዙዎቻችን ጀርሙ ደሙን የሞላው ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። በአዋቂ ሰው 1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከ10 ያነሱ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዳንዴ 1 እንኳ አይገኝም። ያን ደም በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ሥር ቢያደርጉት ምንም አይታይም። ለዚህ ነው በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የሚጨመረው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለጀርም የተሰናዳ ምግብ ነው። ጥቂቷ ዘር በሰውነታችን ሙቀት ልክ ሞቃ፣ በልታ፣ ተባዝታ ሚሊዮኖች እስክትሆን ይጠበቃል። ከልቸር ማለት ይህ ነው። መልሱ በመሣሪያ ተነቦ የሚመጣ አይደለም፤ መብቀል አለበት።

ሁለቱ ክንዶች ደግሞ ምስክሮች ናቸው። ቆዳችን የራሱ ነዋሪ ጀርሞች አሉት። በጠረጋው ካልተጠነቀቁ ከመርፌው ጋር ገብተው ይበቅሉና ሐኪሙን ያሳስታሉ። አንድ ዓይነት ጀርም ከሁለቱም ክንድ ከበቀለ በእርግጥ ከደሙ የመጣ ለመሆኑ ጥርጣሬው ይቀንሳል። የቆዳ ነዋሪ የሆነው በአንደኛው ጠርሙስ ብቻ ብቅ ካለ ግን ሐኪሙ ቆም ብሎ ያስባል። ከመርፌው በፊት ደም የመውሰዱ ምክንያት ከሁሉም ቀላል ነው። መድኃኒት የቀመሰ ጀርም ባይሞት እንኳ ይደነዝዛል፤ ጠርሙሱ ውስጥ አልበቅልም ሊል ይችላል። ስለዚህ የዚያች ሌሊት ጥቂት ደቂቃዎች መዘግየት አልነበሩም።

የእናቴ ጠርሙሶች የገቡበት መሣሪያ ትንሽ ፍሪጅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሞቃት ነው። ባክቴሪያ ሲመገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ሲበዛ በጠርሙሱ ቂጥ ያለው ቀለም ይለወጣል፤ መሣሪያው ያንን አይቶ ይጮኻል። ምንም ካልታየ ብዙ ጊዜ 5 ቀን ይጠበቃል። መሣሪያው በሌለበት ላቦራቶሪ ባለሙያው ጠርሙሱን በየቀኑ ወደ ብርሃን አንሥቶ ደፍርሶ እንደሆነ በዓይኑ ይመለከታል። የእናቴ ጠርሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ጮኸ፤ ሁለተኛውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጥበብ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1884 በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን የሳንባ ቁራጭ ሲመረምር ያገኘው ማቅለሚያ ነው። ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ መስተዋት ላይ ይቀባና ሐምራዊ ቀለም ይፈስበታል፤ አዮዲን ይከተላል፤ በአልኮል ይታጠባል፤ በመጨረሻ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ባክቴሪያ ሐምራዊውን አልለቅም ይላል። ግድግዳው ስስ የሆነው፣ ከላዩም ሌላ ሽፋን የደረበው ግን በአልኮሉ ታጥቦ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ሐኪሙ የጀርሙን ስም ሳያውቅ ወገኑን እንዲያውቅ ያደርገዋል።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወደ ዋርዱ ደወለች፤ ሮዝ ዘንጎች ታይተዋል። ከፍተኛ ሐኪሙ ሰምቶ ብዙ አልተናገረም። ይህ ጀርም ሴፍትሪያክሶን እየገባባት ባለ ሴት ደም ውስጥ የበቀለ ነው። ሜሮፔነም የተባለ ከፍ ያለ መድኃኒት በየ8 ሰዓቱ እንዲሰጣት አዘዘ። በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስላልነበረ ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ከተማውን ሲዞር አመሸ፤ እኔ የአንገት ሀብሌን ሸጥኩ። ለመድኃኒቱ የከፈልነውና ለከልቸሩ የከፈልነው ፈጽሞ አይወዳደርም፤ የመጀመሪያው የቤት ዕቃ የሚያሸጥ፣ ሁለተኛው ከኪስ የሚወጣ ነው። ሆኖም ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያውን የምንገዛው በጨለማ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ባለሙያዋ ሳህኑን እንዳይ ፈቀደችልኝ። ደሙ የተዘራው በሁለት ዓይነት ሳህን ላይ ነበር፤ አንዱ የበግ ደም የተቀላቀለበት፣ ሌላው ማኮንኪ የሚባለው። ሁለቱም በአጋር የረጉ ናቸው። ስለ አጋር ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ታሪኩ ከማእድ ቤት የወጣ ነውና። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ኮኽና ባልደረቦቹ ጀርም የሚያሳድጉት በጄላቲን ላይ ነበር። ጄላቲን ሲሞቅ ይቀልጣል፤ አንዳንድ ጀርምም ይበላዋል። ፋኒ ሄሰ የምትባል፣ ከኮኽ ጋር ይሠራ የነበረ ሐኪም ሚስት፣ የማርማላታዋን አሠራር አስታውሳ ከባሕር አረም የሚገኘውን አጋር ብትሞክሩትስ አለች። እነሆ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የባክቴሪያ ላቦራቶሪ ሁሉ በእሷ ምክር ይሠራል። ክዳን ያለውን ሳህን ዩሊየስ ፔትሪ ያመጣው ከዚያ ቀጥሎ በ1887 ነው፤ የእሱ ስም በሳህኑ ላይ ቀረ፣ የእሷን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በማኮንኪው ላይ የበቀሉት ነጠብጣቦች ሮዝና ትልልቅ ነበሩ። ባለሙያዋ በሽቦ ነካ ስታደርጋቸው እንደ ራሰ ተልባ እየተሟለጩ ተጎተቱ። «ክሌብሲዬላ ትመስላለች፤ ግን በመምሰል አንጽፍም» አለችኝ። ማንነቷን ለማረጋገጥ በትንንሽ ቱቦዎች ልዩ ልዩ ምግብ ሰጥታ ቀለማቸው ሲለወጥ ለማየት አስቀመጠች። እኔን ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገችው ነው።

ከነጠብጣቡ ጥቂት ወስዳ ጨው ባለበት ውኃ በጠበጠች። ድፍርስነቱን ከመለኪያው ቱቦ ጋር እያስተያየች ልክ እስኪሆን አስተካከለች፤ በዚያ ልክ 1 ሚሊ ሊትሩ ወደ 150 ሚሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ይይዛል። ከዚያ በጥጥ እያጠቀሰች አዲስ ሳህን ላይ በሦስት አቅጣጫ ለቀለቀችው፤ አንድም ቦታ እንዳይቀር። ከላዩ ስፋታቸው 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ መድኃኒት የጠጡ የወረቀት ክቦችን አራርቃ አስቀመጠች። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ አህጽሮት አለ። ሳህኑ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያህል ሙቀት ውስጥ ይቆያል። ዘዴው በ1966 ባወርና ኪርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ወጥ መልክ የያዘ ነው፤ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ማስመሪያና ታማኝ እጅ ይፈልጋል።

ሐሙስ ጠዋት ሳህኑ ወጣ፤ ቱቦዎቹም ክሌብሲዬላ መሆኗን አረጋግጠዋል። ጀርሙ ሣር እንደለበሰ ሜዳ ሁሉንም ሸፍኖታል። በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ግን እንደ አውድማ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ አለ፤ መድኃኒቱ ጀርሙን እንዳይበቅል የከለከለበት ነው። ባለሙያዋ በማስመሪያ ለካች። የሜሮፔነም ቀለበት 27 ሚሊ ሜትር። ለዚህ ጀርም ቤተሰብ 23 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ 19 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጀርሙ ተላምዶታል ማለት ነው። የሴፍትሪያክሶንም መለኪያ ተመሳሳይ ነው። ነገር ግን በሴፍትሪያክሶኑ ወረቀት ዙሪያ የሚለካ ነገር አልነበረም። ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ለምልሟል።

ያቺን ወረቀት ለረጅም ጊዜ አየኋት። እናቴ ለአምስት ቀን በክንዷ የገባላት መድኃኒት ነው። ነርሶቹ በሰዓቱ ሰጥተዋታል፣ እኔ በሰዓቱ አስታውሻቸዋለሁ፣ ማንም አላጠፋም። ለዚህ ጀርም ግን ውኃ ነበር።

ጀርም መድኃኒትን «ተላመደ» ስንል ቃሉ ሰውነታችን የለመደው ያስመስለዋል። የሚለምደው በሽተኛው አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። በእናቴ ዓይነቱ ጀርም ዘንድ ዋናው መንገድ ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያው የመድኃኒቱን ልብ የሆነውን የኬሚካል ቀለበት የሚሰብር ነገር ያመርታል። ይህ ችሎታ መድኃኒቱን ተከትሎ የመጣ እንኳ አይደለም። ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ማግኘታቸውን የጻፉት በ1940፣ መድኃኒቱ ገና በሆስፒታል ሳይለመድ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤል ንግግሩ መድኃኒቱን ከመጠን አሳንሶ መውሰድ ጀርሞችን እንደሚያላምድ አስጠንቅቋል። ሴፍትሪያክሶንን የመሳሰሉትን የሚሰብሩት ሰፋፊ ኢንዛይሞች በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ ተገለጡ። ሜሮፔነምን ሳይቀር የሚያፈርሰውና ኤንዲኤም የተባለው ደግሞ በ2008 ሕንድ ታክሞ በተመለሰ በስዊድን በሚኖር ሰው ላይ ተገኘ።

ከሁሉ የከፋው መዋዋሱ ነው። የኢንዛይሙ ትእዛዝ የተጻፈበት ትንሽ ክብ ዘረመል ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዝርያ ወደ ባዕዱ ሳይቀር ይተላለፋል። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫረው ነው፤ ሰጪው ቤት ፍሙ አይጎድልም፣ ተቀባዩም ቤት ይነድዳል።

ይህን ያወቀ ሰው ሐኪሞቻችን ለምን መጀመሪያውኑ ሴፍትሪያክሶን ይጽፋሉ ብሎ ሊቆጣ ይችላል። እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣዬ ግን ቦታውን ስቶ ነበር። ደሙ በጀርም የተመረዘ ሰው መልሱ እስኪበቅል ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ ሰዓታት ይቆጠሩበታል። ሐኪሙ በግምት መጀመር አለበት። ስህተቱ በግምት መጀመሩ ላይ ሳይሆን በግምት መጨረሱ ላይ ነው። ከልቸር በሌለበት ሆስፒታል ግምቱን የሚያርመው የለም። ትኩሳት ባልበረደ ቁጥር የሚደረገው መድኃኒቱን ከፍ ማድረግ ብቻ ይሆናል፤ ከሴፍትሪያክሶን ወደ ሜሮፔነም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ፀረ ባክቴሪያዎችን በሦስት ሲመድብ ሁለቱንም ያስቀመጣቸው በጥንቃቄ ሊያዙ ከሚገባቸው ጋር ነው።

ግምቱን ማረም የሚችሉ ላቦራቶሪዎች ምን ያህል ናቸው? ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር በ14 የአፍሪካ አገሮች ባደረገውና በ2022 ይፋ በሆነው ጥናት፣ ከ50,000 ገደማ ላቦራቶሪዎች የባክቴሪያ ምርመራ የሚያደርጉት 1.3 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ ከ14ቱ አንዷ አልነበረችም። ቁጥሩን ሳነብ ግን ነርሷ ጠርሙስ ፍለጋ ከክፍል ክፍል ስትሄድ ነው የታየችኝ። በዚያው ዓመት ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ እንደሞተ ገምቷል፤ የሞት መጠኑ ከሁሉ የከፋው በምዕራብ አፍሪካ ነበር።

የጨቅላዎቹ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በሰባት አገሮች የተወለዱ ሕፃናትን ደም የመረመረና ባርናርድስ የተባለ ጥናት ነበር፤ ከአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ተሳትፎበታል። ደማቸው ከተመረዘ ጨቅላዎች በብዛት የተገኘው ይኸው የእናቴ ጀርም፣ ክሌብሲዬላ ነው። ለጨቅላ በመጀመሪያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው። በጥናቱ ከተፈተሹት ግራም ኔጌቲቭ፣ ማለትም በግራም ማቅለሚያ ሮዝ የሚሆኑ፣ ባክቴሪያዎች ከ100 ወደ 97ቱ አምፒሲሊንን፣ 70ዎቹ ጄንታማይሲንን ተላምደው ተገኙ። ይህን ማንም በግምት ሊደርስበት አይችልም ነበር። ከጨቅላ ክንድ 1 ሚሊ ሊትር ደም ለማግኘት የተንቀጠቀጡ እጆች ናቸው ያሳዩን።

በእናቴ ዋርድ ማዶ የተኛችው ሴትዮ፣ ስለ ዝናብ ያወጋቻት፣ እሷም ትኩሳት ነበረባት። ሜሮፔነም ከጀመረች አሥር ቀን አልፏታል። ባለቤቷ፣ ገጠሬው ጋሼ፣ ለመድኃኒቱ በሬ ሸጠዋል። የእናቴን የከልቸር ወረቀት ባሳየኋቸው ጊዜ «የእሷስ ጀርም ስሙ ማን ነው?» ሲሉ ሬዚደንቱን ጠየቁት። ከሌላ ሆስፒታል ስትመጣ መድኃኒቱን ጀምራ ነበር፤ ደሟ የተወሰደው ከመርፌው በኋላ ነው። የመጣው ወረቀት «በ5 ቀን ውስጥ ምንም አልበቀለም» ይላል። ሬዚደንቱ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው፦ አልበቀለም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ደም ቀድሞ ቢወሰድ ኖሮ ምናልባት እናውቅ ነበር፤ አሁን የምንሰጣት ባላየነው ላይ ነው። ጋሼ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው ዝም አሉ።

ማወቅ ለጎረቤት አልጋም ነው። በ2006 እስራኤል ሆስፒታሎች ውስጥ ሜሮፔነምን የተላመደ ክሌብሲዬላ ተዛመተ፤ እስከ መጋቢት 2007 ድረስ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሕሙማን ላይ ተገኘ። የጤና ሚኒስቴሩ ያደረገው አዲስ መድኃኒት ማምጣት አልነበረም። ጀርሙ የተገኘበት ሰው ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ለብቻው እንዲተኛና የራሱ ነርስ እንዲመደብለት አዘዘ፤ አንድ ብሔራዊ ቡድንም በየሆስፒታሉ ይከታተል ነበር። በ100,000 የአልጋ ቀን 55.5 የነበረው አዲስ ተጠቂ እስከ ግንቦት 2008 ወደ 11.7 ወረደ። ማን እንደያዘው ካልታወቀ ማንን ለይቶ ማስተኛት ይቻላል?

ፈጣን መሣሪያ የለም ማለት አይደለም። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ያለው ጂን ኤክስፐርት ቲቢንና ሪፋምፒሲንን የተላመደውን ቲቢ በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ሲቀበለው ለወራት ይጠበቅ የነበረው መልስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገባ። ባክቴሪያን በፕሮቲኑ ክብደት በደቂቃዎች የሚለይ ማልዲ ቶፍ የተባለ መሣሪያም አለ፤ እሱ ግን ጀርሙ ቀድሞ እንዲበቅል ይፈልጋል፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። እኔ ያየሁት ላቦራቶሪ የጎደለው ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው። ባለሙያዋ የአንዳንድ መድኃኒቶች የወረቀት ክቦች ካለቁ መሰንበታቸውን ነገረችኝ፤ አዲስ የበግ ደም ካልመጣ ሳህን አይሠራም፤ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ይወርዳል። ዕውቀቱ በእጇ ነበር። እጇ ላይ የሚያርፈው ዕቃ ነው የሚመጣውና የሚቀረው።

የእናቴ ትኩሳት ሐሙስ ማታ በረደ። እሑድ ዕለት ተነሥታ በኮሪደሩ ተራመደች። ልንወጣ ስንል ከካርድ ክፍል የከልቸሩን ውጤት ኮፒ ለመንኩና ሰጡኝ። ምን እንደሚል አንብቤ አስረዳኋት። አላነበበችውም፤ አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ከአራት ወር በኋላ ሽንቷን ሲያቃጥላት ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኳት። ልጅ እግሩ ሐኪም ሰምቷት ሲያበቃ እስክሪብቶውን አንሥቶ «ሴፍት...» ብሎ መጻፍ ጀመረ። እናቴ መቀነቷን ፈታች፣ የተጨማደደውን ወረቀት ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ልጄ፣ መጀመሪያ ይቺን እያት» አለችው።